ለዕድሜዬ ሳይሆን ለመዶሻዬ

ጥር 14

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፤

ስልሳ ዓመት ያለፈውን ፋርማሲስት «ማሙሽ» ብሎ መጥራት እንደማይገባ ልጅህ ለልጄ ነግሯታል አሉ። አስተያየቱን በአክብሮት ተቀብዬዋለሁ፤ አልሠራበትም። አንተን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩ ነኝና፣ በምን ስም እንደምትጠራ የመወሰን ሥልጣኑ እኔ ዘንድ ነው።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርግልኝ። ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የመረጥኩበትን ምክንያት ጠይቀሃል፤ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ነው። ጉልበቴንም ጠይቀሃል፤ መሰላል ስወጣ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ዝም ይላል፤ ተቻችለን እንኖራለን። ሦስተኛውን ጥያቄህን፣ ማለትም ስለ ወፍጮው ድልድይ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ ያልከውን፣ ለጊዜው አቆየዋለሁ።

በምትኩ ሌላ ወሬ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ ድልድይ ለመመርመር ከሥሩ ልወርድ የደህንነት መታጠቂያዬን ሳጠብቅ፣ አንድ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ እየሮጠ መጣና «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ አለንልዎ» አለኝ። እማማ የተባለችው ሴት የት እንዳለች ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ወንዙ ብቻ ነበር።

ከ«እህት» ወደ «እትዬ» የተሻገርኩበትን ቀን አላስታውሰውም፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ ማንም አላስጠነቀቀኝም። «እማማ» ግን በቀን በብርሃን፣ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ወንበሩን የላከው የክፍላችን ኃላፊ ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው፤ ልጆቹ ወርደው ይመርምሩ፣ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ የሚነግሩኝን ሰምቼ ልፈርም። ያላየሁትን አልፈርምም አልኩት።

«ወንበሩ እኮ ለክብርዎ ነው» አለኝ።

«ክብሬ በእግሩ ይሄዳል፤ ለወንበሩ ሌላ ሰው ፈልግለት» አልኩት።

የጡረታ ዕድሜዬ ካለፈ ወዲህ በድልድይ ዋና መርማሪነት የምሠራው በየዓመቱ በሚታደስ ውል መሆኑን ታውቃለህ። የዘንድሮው ግንቦት መጨረሻ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ኃላፊው «አማካሪ» ብሎ ቢሮ ሊያስገባኝ ያስባል። እኔ ደግሞ ከድልድይ ሥር ላለመውጣት አስባለሁ። በመካከላችን ያለው ነገር ይኸው ነው፤ ሌላ የምትሰማው ሁሉ ጭማሪ ነው።

ለልጅህና ለምራትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ


የካቲት 2

ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ደብዳቤሽን እንደ ሐኪም ማዘዣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የሙያ ልማድ ነው። ሦስት ጥያቄ ጠይቄ ሁለት መልስ አገኘሁ፤ ከሁለቱም አንደኛው እውነት አይደለም። መስመሩ አይቆራረጥም እታለም። ልጅሽ በዚያው ስልክ፣ እዚያው ሳሎን ተቀምጣ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይደርሰኛል። አንቺ ቴሌቪዥን ስትከፍቺ ጎረቤትሽ የራሱን እንደሚያጠፋም ነግራኛለች፤ አንዱ ለሁለት ቤት ይበቃል ብሎ።

ባንኮኒ ጀርባ በኖርኩበት ዘመን ስንቱ ሰው «ለእናቴ ነው» እያለ ለራሱ መድኃኒት ሲገዛ አይቻለሁ። ስለዚህ በብዙ ጥያቄ አላስጨንቅሽም፤ አንድ ብቻ እጠይቅሻለሁ። ጆሮሽን የተመረመርሽው መቼ ነው?

አማካሪነቱን ተቀበይ። ወንበር ውርደት አይደለም። እኔን እይኝ፤ ሱቁን ልጄ ይዞታል፤ እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ በመስኮት መንገዱን አያለሁ። እርግጥ መንገዱ የሚታይ ነገር አልቀረውም። ሰው ሰላምታ መስጠት ትቷል። መድኃኒቱ ራሱ ሣጥኑ ትልቅ፣ ውስጡ ጥቂት ሆኗል። ወጣቱ ሲስቅ እንኳ ሳቁ ባዶ ነው። በእኛ ጊዜ ነገር ሁሉ ክብደት ነበረው። ዕድሜ ደጉ ስንቱን አሳየን! ከእንዲህ ያለ ዘመን ገለል ብሎ መቀመጥ ምን ይጎዳል?

ተጠንቀቂ። መሰላሉን ሌላ ሰው ይውጣው።

ወንድምሽ


የካቲት 23

ይድረስ ለመርማሪው ወንድሜ፤

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ተቆጣሁ። ቁጣው ሲወጣልኝ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሁለቱንም የማሳውቅህ በቅደም ተከተላቸው ነው።

ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስቀምጦ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ካደረገልኝ በኋላ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንድ ቁልፍ እንድጫን ነገረኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ ቆየ። ሲጨርስ ፈገግ ብሎ፣

«ለዕድሜዎ በጣም ጥሩ ነው» አለኝ።

«ዶክተር፣ የጠየቅኩዎ ለዕድሜዬ አይደለም። ለመዶሻዬ ነው።»

«ለምንዎ አሉኝ?»

ጆሮ የሚመረምር ሰው ይድገሙልኝ ሲል መስማት እንዴት እንደሚያስደስት አትጠይቀኝ። ለእሱ ያስረዳሁትን ለአንተም ላስረዳህ። ኮንክሪት ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቅርፊቱን ከገላው ያላቅቀዋል፤ ስንጥቁ ግን ወደ ውጭ ሳይታይ ዓመታት ሊያስቆጥር ይችላል። ስለዚህ በትንሽ መዶሻ እየመታን እናዳምጣለን። ጤነኛው ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። የታመመው እንደ ባዶ ሣጥን ድብ ይላል። ሐኪሙ እንደነገረኝ ከጆሮዬ የሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ በቦታው አለ። ምን ማለት እንደሆነ ገባህ? የታመመውን አልስትም። ጤነኛውን ነው ታሟል የምለው።

ያቆየሁብህ የወፍጮው ድልድይ ነገር ይኸው ነው። አንዱን ወገን ታሟል ብዬ ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ኮንክሪቱን ሰርስረው ናሙና ሲያወጡ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ወንበሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሐኪሙ ስመለስ የአንተን ደብዳቤ ደግሜ አወጣሁት። ሰላምታው ቀርቷል፣ ሣጥኑ ባዶ፣ ሳቁ ባዶ። ማሙሽ፣ እስኪ ሳትቆጣ መልስልኝ፤ ዓለም ሁሉ ድብ የሚለን ዓለም ስለታመመ ነው፣ ወይስ ቀጭኑን ድምፅ መስማት እኛ ስለተሳነን? በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ዘመኑ ተበላሸ ይላል። አባታችንም ይል ነበር፤ ያኔ እሱ የተበላሸ ያለው ዘመን ዛሬ አንተ ክብደት ነበረው እያልክ የምታዝንለት ነው። ምናልባት ዘመኑ በእውነት ታሞ ይሆናል፤ አልክድም። ነገር ግን መሣሪያው ሳይፈተሽ የወጣን ውጤት አልቀበልም፤ መሣሪያው የራሴ ጆሮ ቢሆንም።

ስለዚህ ልፈተሽ ነው። የቤተ ሙከራው ሰዎች ሰፊ የኮንክሪት ጠፍጣፋ እንዲሠሩልኝ ጠይቄያለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ ውስጡን ባዶ ይተዉታል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ከእነሱ በቀር ማንም አያውቅም። ሲደርቅ እኔና የክፍሉ መርማሪዎች በሙሉ ተራ በተራ እየመታን እንለየዋለን። ውጤቱ መግቢያው ላይ ይለጠፋል። ጆሮዬ የሚሄድ ከሆነ በአደባባይ ይሂድ፤ በጓሮ በር አልሸኘውም።

የአንተስ የቤትህ ደረጃ መደገፊያ እንዴት ሆነ? እግርህስ?

እህትህ


መጋቢት 12

እታለም፤

«በአደባባይ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት።

ሰው በገዛ እጁ ገመድ ፈትሎ ለሚያስረው ያቀብላል? ኃላፊሽ የያዘብሽ አንድ ስህተት ነው፤ አንቺ ማስረጃ ጨምረሽ፣ አስለጥፈሽ ልትሰጪው ነው። ብትወድቂ ማን ይቆምልሻል? ብታልፊስ ማን ያመሰግንሻል? አማካሪ ሆነሽ ቢሮ ብትገቢ ጆሮሽን የሚጠይቅ የለም። የማይሰማ አማካሪ ስንት አለ! ሁሉም ደህና ይኖራሉ። ሐኪሙ የነገረሽን እኔና አንቺ እናውቃለን፤ ልጅሽ ብትሰማም አትናገርም። እዚህ ላይ ይብቃ። ለምኜሻለሁ።

ስለ ዘመኑ የጻፍሽው ቆርቁሮኛል። አንቺ የወፍጮውን ድልድይ እንዳቆየሽብኝ፣ እኔም መልሱን ለጊዜው አቆየዋለሁ። ልጄ ታች ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ሲስቅ ይሰማኛል። ምን እንዳሳቀው ግን ማንም ወጥቶ አይነግረኝም።

የደረጃው መደገፊያ ተጠግኗል። ማን እንደነገረሽ ባላውቅም እገምታለሁ። እግሬ ደህና ነው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 4

ለማሙሽ፤

ልመናህ የደረሰኝ ጠፍጣፋው ከደረቀ በኋላ ነበር። ቀድሞ ቢደርሰኝም አልሰማህም ነበር፤ ይቅርታህን የምጠይቀው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ሰባት ሆነን ቀረብን። ኃላፊው ስብሰባ አለኝ ብሎ ይቀራል ብዬ ነበር። መጣ። ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መዶሻ አነሣ። ሰውየው ቢሮ ከመግባቱ በፊት ጎበዝ መርማሪ እንደነበር ረስቼው ነበር፤ ሰው ሲቀመጥ ቆሞ የሠራውን እንዲህ ቶሎ እንረሳበታለን።

ልጆቹ ሠርግ ቤት የገቡ ይመስል ይቀላለዳሉ። አጭሯን ታስታውሳታለህ? ተማሪዬ የነበረችው፤ ሁላችንም የምንጎብጥበት ድልድይ ሥር ቀጥ ብላ የምትሄድ ብቸኛዋ መሐንዲስ።

«እትዬ፣ ብበልጥዎት ይቀየሙኛል?» አለችኝ።

«ካልበለጥሽኝ ነው የምቀየመው። ስንት ዓመት ለፋሁብሽ!»

«እሱስ ባልበልጥ የአስተማሪ ጥፋት ነው እላለሁ።»

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ባዶ አልነበረም፤ ይህን እንደ ዓይን ምስክር ነው የምነግርህ።

ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ያዘዘልኝን የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ግራ መዳፌን ኮንክሪቱ ላይ አሳርፌ በቀኜ መታሁ። አንደኛው ልጅ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ «ትኩሳቱን ነው እንዴ የምትለካው?» አለው። መሣሪያው ጥሩ እንደሚሠራ ያወቅኩት በዚህ ነው። መዳፌን ግን አላነሣሁም። ባዶው ቦታ ሲመታ እጅ ሥር ይርገበገባል፤ ጤነኛው ጸጥ ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት ድልድይ ስመታ ኖሬ አላስተዋልኩትም ነበር። ጆሮ ሙሉ በሆነ ጊዜ እጅን ማን ይጠይቀዋል?

ውጤቱ ይህ ነው። አጭሯ አንድም አልሳተችም። ኃላፊው ሁለተኛ ወጣ። እኔ ሦስተኛ። የታመመውን በሙሉ አግኝቼዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ጤነኛ ቦታዎችን ታመዋል ብያለሁ። ከእኔ በታች ካሉት መካከል የታመመውን ጤነኛ ብለው ያለፉ አሉ። የትኛው ስህተት ሰው ይገድላል የሚለውን አልጽፍልህም፤ ከእኔ ሲመጣ ሰበብ ይመስላል።

ኃላፊው በለጠኝ። ይህን ስጽፍ ምንም አልተሰማኝም ብዬ አልዋሽህም። ወረቀቱ ሲለጠፍ አጠገቤ ቆሞ «እንግዲህ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ጨረስኩለት፤ «እንግዲህ ሦስተኛ ነኝ። ወረቀቱ ሦስተኛ ነች ይላል እንጂ አሮጊት ነች አይልም» አልኩት። ሦስተኛ በመሆኔ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። አንደኛ የነበርኩበትን ዘመን አይቼዋለሁ፤ ከኩራት በቀር ብዙ ያተረፈልኝ ነገር የለም።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ከጥር ጀምሮ በፖስታዎችህ ላይ ያለው አድራሻ የተጻፈው በምራትህ እጅ ነው። አንተ ደግሞ ደብዳቤህን ለሰው የምታምን አልነበርክም፤ ራስህ ፖስታ ቤት ወስደህ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ሰምተህ የምትመለስ ነህ። መደገፊያው ተጠግኗል፣ እግርህ ደህና ነው ብለኸኛል። ታዲያ ከቤት የማትወጣው ለምንድን ነው?

እህትህ


ሚያዝያ 27

እታለም፤

ፖስታውን ገልብጠሽ እይው። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ጠማማ የሆነው ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ስለጻፍኩት ነው።

ያልነገርኩሽ ይህን ነው። ኅዳር ላይ ደረጃው አዳልጦኝ ነበር። ምንም አልተሰበርኩም፤ አንድ ሳምንት አነከስኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ሁሉ «አባባ ይቀመጡ» ሆነ። እኔም ተቀመጥኩ። ማንም አላሰረኝም፤ ይህን የምልሽ ልጄን ደውለሽ እንዳትቆጪው ነው። መቀመጥ ይጥማል እታለም። መጀመሪያ እግር ይጥመዋል፤ ቀጥሎ ልብ ይለምደዋል፤ ኋላ መስኮቱ ራሱ ዓለም ይመስላል፣ በመስኮቱ ያልታየውም እንደሌለ ይቆጠራል። ሰው ሰላምታ ትቷል ብዬሽ ነበር። ፎቅ ላይ ላለ ሰው ከመንገድ ማን ሰላም ይለዋል?

«ሦስተኛ በመሆኔ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም» የሚለውን ባነበብኩ ማግሥት ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ወረድኩ። ልጄ ከደንበኛ ጋር ነበር።

«አባባ! ምን ጎደለ?» ብሎ ደነገጠ።

«እኔ» አልኩት።

«ደረጃውን ብቻዎን ወረዱት?»

«ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ መንገድ አያሳስትም።»

ደንበኛዋ በሳቅ ፈረሰች። ልጄ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ እሱም ሳቀ፣ ቀጥሎ በርጩማ ሊያመጣ ሄደ። በርጩማውን ዕቃ አስቀመጥኩበት።

እውነቱን ለመናገር የመድኃኒቶቹ ጽሑፍ ደቅቆብኛል፤ መነጽሩም አልረዳኝም። ይህን ለልጄ ነገርኩት። ስነግረው ምድር ተከፍታ ትውጠኛለች ብዬ ነበር፤ ምድር ሥራ ላይ ናት፣ አልሰማችም። አሁን አንዱን በሽተኛ ለሁለት ነው የምናስተናግደው። እሱ ጽሑፉን ያነባል፤ እኔ የሰውየውን ፊት አያለሁ። ባለፈው ሰኞ አንድ ጎልማሳ ለራስ ምታት ብሎ ሲገባ ላቡን አይቼ አይሆንም አልኩ፤ ወደ ሐኪም ላክነው። ልጄ ትክክለኛውን መድኃኒት አውጥቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ትክክለኛውን ሰው አይቼ ነበር። ለሁለት ካልሆንን አንዳችንም አልበቃንም።

ውልሽስ ምን ሆነ? ግንቦት ደረሰ። አማካሪነቱን ተቀበይ አልልሽም። የሰጠሁሽን ምክር ጊዜው እንዳለፈበት መድኃኒት አስወግጂው፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ።

ማሙሽ


ግንቦት 20

ለማሙሽ፤

ውሌን ጠይቀሃል። ትናንት ፈርሜያለሁ። ነገር ግን ኃላፊው ያዘጋጀው ውል አይደለም፤ እኔም ጥር ላይ የፈለግኩት አይደለም።

ቢሮው ጠርቶኝ የአማካሪነቱን ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ይህን በጊዜው ባለመመስከሬ ጥፋተኛ ነኝ።

«እትዬ፣ ዋና መርማሪ አድርጌ ላስቀጥልዎ አልችልም። ውጤቱን ያስለጠፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለኝ።

«ልክ ነህ።»

«እንግዲያው አማካሪነቱን ይፈርሙልኝ።»

«አልፈርምም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?»

«አጭሯን ዋና መርማሪ አድርጋት። እኔን ረዳቷ አድርገኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ረዳት? እትዬ፣ ረዳትነት እኮ ልጆች ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ የሚቀጠሩበት ነው።»

«አውቀዋለሁ፤ ገብቼበት ወጥቻለሁ። በሩ የት እንደሆነ አይጠፋኝም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው በድልድዩ ላይ ይሄዳል። ሌላ ምን ሥራ አለው?»

ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋው። እኔም ያሰብኩትን በዝርዝር አስረዳሁት፤ ከአንተና ከልጅህ የቀዳሁት ነው፤ ምንጩን ግን አልጠቀስኩም። እሷ መትታ ትሰማለች። እኔ በመዳፌ አያለሁ። ሁለታችን ከተስማማን ሁለታችንም እንፈርማለን፤ የእሷ ፊርማ ከላይ፣ የእኔ ከሥር። ካልተስማማን ናሙና ይወጣል። ከእንግዲህ የአንድ ሰው ጆሮ ብቻውን ድልድይ አይዘጋም፤ የአንድ ሰው ጆሮ ብቻውን ድልድይ ደህና ነው አይልም፤ የኃላፊውም ቢሆን። ይህን የመጨረሻውን ስል ፈገግ አለ። ወረቀቱን ቀየረው።

ልጄ አለቀሰች። «እማዬ፣ ያስተማርሻት ልጅ ልታዝሽ?» አለችኝ። «ካላዘዘችኝማ ምኑን አስተማርኳት?» አልኳት። አጭሯ ራሷ ከልጄ የባሰች ሆነች፤ ኮሪደር ላይ ጠብቃ እጄን ያዘችና «እትዬ፣ እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የማዘው?» አለችኝ። «በአጭሩ» አልኳት። ከሳቋ ስትመለስ የመጀመሪያ ትእዛዟን ሰጠችኝ፤ ከመውረዴ በፊት መታጠቂያዬን እሷ ሳታየው እንዳልወርድ። ታዘዝኩ። እውነቱን ልንገርህ፤ መታዘዙ እንደፈራሁት አልከበደኝም፤ የከበደኝ ለልጄ ማስረዳቱ ነው።

አርጅቻለሁ ማሙሽ። ይህን እንዳልካድኩ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ደብቄው፣ ተከራክሬው፣ በስልክ መስመር አሳብቤው ነበር፤ አንዱም አላዋጣም። ስለዚህ ዕድሜ የወሰደብኝን በሰው ፊት አስረክቤያለሁ። ያልወሰደብኝን ግን ገና ለገና ይወስደዋል ብዬ አስቀድሜ አላስረክብም። ከፈለገ መጥቶ ይውሰደው፤ ሥራ ላይ ነው የሚያገኘኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ወደ ትልቁ ወንዝ እንወርዳለን። ድልድዩ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ዛሬም ከባድ መኪና ያሳልፋል። ማንም እማማ ብሎት አያውቅም።

አንድ ነገር ልለምንህ። በደብዳቤህ ሁሉ ጤናዬን፣ ጉልበቴን፣ ጆሮዬን ትጠይቀኛለህ። እግዜር ይስጥልኝ። እነሱ እየቀነሱ ነው፤ ወደፊትም ይቀንሳሉ፤ ሌላ ወሬ አይወጣቸውም። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ስትጽፍ እነሱን ተዋቸውና «ምን አገኘሽ?» ብለህ ጠይቀኝ።

እህትህ፣
ረዳት መርማሪ